ሙሽሪት ፊት የሚሄድ ሞተር

ቶአ ጓዳ ቁጭ ብላ ሽሪምፕ እየላጠች ሳለ ነው ከልጇ የሠርግ ሰልፍ መሰረዟን የሰማችው። ማንም ፊቷ ቆሞ አልነገራትም። ታላቅ ወንድሟ ባንግ ሳሎን ውስጥ ከሚስቱ ከንጋ ጋር ተቀምጦ የሰልፉን ሞተሮች በጣቱ እየቆጠረ ቦታ ቦታቸውን ያስይዛል፤ የባንግ ድምፅ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሲሸጥበት የኖረ ድምፅ ስለሆነ ሹክሹክታው እንኳ ግድግዳ ያልፋል። "ፊት እኔና አንቺ፣ ቀጥሎ ሙሽሮቹ፣ ከነሱ በኋላ የስጦታውን ትሪ የያዙት፣ ከዚያ የአክስት ልጆች..." ሲል ቆይቶ፣ ንጋ "ቶአስ ከየትኛው ኋላ ትሁን?" ብላ ጠየቀችው። "ቶአ ምን?" አለ ባንግ። "ቶአማ እቤቷ ነው የምትቀረው። እናት ልጇን ድራ ተከትላ አትሄድም፣ ደንብ ነው። በዚያ ላይ ባል የሞተባት ሴት ሙሽራ መሃል ምን ልትሠራ ትገባለች? መንገዱን ግን እጇ ይባረክ፣ አሳምራ ጽፋልናለች።"

ቶአ የያዘችውን ሽሪምፕ ልጣ ጨረሰች። ሌላም አነሳች። "መንገዱን አሳምራ ጽፋልናለች" የሚለው ቃል ነው ይበልጥ ያቃጠላት። የተጻፈው ወረቀት እዚያው ጓዳ፣ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ፊት ለፊት ያያታል። ሳምንት ሙሉ የለፋችበት ነው። የትኛው ሞተር ከየትኛው ኋላ እንደሚሄድ፣ አቅመ ደካማው ሞተር ለምን መሃል መሆን እንዳለበት፣ በሚሻገሩት ተራራ ላይ ማደያ ስለሌለ ሁሉም ቤንዚን ከሰፈራቸው ከናም ኦ ሞልቶ እንዲወጣ፣ ሐር የለበሱ ሴቶች የቀሚሳቸውን ጫፍ ካቴና እንዳይበላው ጉልበታቸው ላይ እንዲያስሩ፣ ፍየሎቹ የሞቀ አስፋልት ላይ የሚተኙት ስንተኛው መታጠፊያ ላይ እንደሆነ፣ ቁልቁለቱን ፍሬን ይዞ ሳይሆን በሁለተኛ ማርሽ መውረድ እንደሚገባ፣ ሁሉም እዚያ አለ። አንድ መታጠፊያ አጠገብ ደግሞ "እዚህ ቀስ በሉ፣ ባሕሩና የባቡሩ ሐዲድ አንድ ላይ ይታያሉ፣ ሙሽሪት ትይ" የሚል ጽፋለች። እንዲህ ያለውን ወረቀት የጻፈች ሴት ቤት ጠባቂ ሆነች ማለት ነው።

ያንን ተራራ ከቶአ በላይ የሚያውቅ ሰው ከናም ኦ ሰፈር ቢፈለግ አይገኝም። ሃይ ቫንን በሳምንት ሦስት ጊዜ ታልፈዋለች፤ ሥራዋ ፈረንጆችን ከዳናንግ ሆቴሎች በሞተሯ ጭና፣ ሻንጣቸውን ከኋላ አስራ፣ በተራራው ላይ አሻግራ ሁዌ ማድረስ ነው። አጭርነቷን አይተው ሌላ ሹፌር የሚጠይቁ አሉ፤ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። መኪና ያለው ሰው ሁሉ ከተራራው ሥር በተቆፈረው ዋሻ ሹልክ ብሎ ስለሚያልፍ፣ የላይኛው መንገድ የቀረው ለነዳጅ ቦቴ፣ ለከብት ጫኝ፣ ለፍየልና ለሞተር ነው። ዋሻው ሞተር አያስገባም። ሠርጉ በሞተር ይሁን ያለችው ደግሞ ራሷ ሙሽሪት፣ የቶአ አንድ ልጅ ቻም ናት። እሷ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ እጮኛዋ ኮይ ከተራራው ማዶ ላንግ ኮ ሐይቅ ላይ ኦይስተር የሚሉትን የሚበላ ዛጎል ያረባል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ እሷ ከዚህ እሱ ከዚያ እየወጡ ተራራው አናት ላይ ሲገናኙ ነው የተዋደዱት። ባንግ በመኪና ካልሆነ ብሎ ሞቶ ተነስቶ ነበር። ባለ ሰባት ወንበር መኪናውን ከገዛ ወዲህ እግሩ መሬት ረግጦ አያውቅም። ቻም ግን ንቅንቅ አላለችም።

ቶአ ሽሪምፑን አጥባ ከደነችና እጇን አደረቀች፤ በሳሎን በኩል አልፋ ልትወጣ ስትል ባንግ "የት ነው?" አላት፣ ምንም እንዳልተናገረ ሰው ፈገግ ብሎ። ባንግን ጎረቤት ሁሉ ይወደዋል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው። "ሞተሬን ላሳይ" አለችው። ንጋ ዓይኗን ከቶአ ላይ መለስ አድርጋ አንድ እሽግ ቀይ ወረቀት አቀበለቻት፤ የሠርጉ ቀን መርሐ ግብር ነው፣ ትናንት ታትሞ የመጣ፣ በመንገዷ ለጎረቤት እንድታድለው። ቶአ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሽሪምፕ ማጠብና ወረቀት ማደል ሲሆን ጊዜ ባል የሞተባት መሆኗን ማንም አያነሳም።

የሰፈሩ መካኒክ የሉዋን ጋራዥ ማለት አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ ሁለት ዱካና በዘይት የጠቆረ የእግረኛ መንገድ ነው። ከጀርባው ሰዎች ዓሣ በጨው ዘፍዝፈው የሚያብላሉባቸው ጋኖች ተደርድረዋል፤ ሽታው አዲስ ሰው ያባርራል፣ የሰፈሩ ሰው ግን አይሸተውም። ሉዋን ሞተሯን ዞር ዞር ብሎ አየና ሳቀ። "እትዬ ቶአ፣ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ? ሰም ሁሉ ቀብተሻታል።"

"ቀልድህን ተውና የፍሬን ሸራውን ቀይርልኝ፤ የፊቱንም የኋላውንም።"

"ገና ወር አልሞላውም እኮ!"

"ተራራ ወር አይቆጥርም።"

ሉዋን ትከሻውን ነቅንቆ ቁልፉን አነሳ፤ "ሰማንያ ሺህ ዶንግ ነው፣ ለሠርግ ብዬ አልቀንስም፣ ለለቅሶ ቢሆን እቀንስልሽ ነበር" አላት። ቶአ ዱካው ላይ ቁጭ ብላ ቀዩን ወረቀት አወጣች። የፍሬን ሸራውን ለምን እንደምትቀይረው ራሷም አላወቀችም። የማትሄድበት መንገድ ፍሬን ምን ያደርግላታል? ይህን እያሰበች ወረቀቱን አነበበች፤ ደግማ አነበበች። "ሙሽሪት ከቤቷ የምትወጣው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ላንግ ኮ ከሙሽራው ቤት የምትገባው፣ አራት ሰዓት ተኩል።" ከዚያ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከሳምንት በላይ አልሳቀችም፤ ሉዋን ከጎማው ሥር ቀና አለ።

"ምነው?"

"ወንድሜ በሠላሳ ደቂቃ ተራራ ሊያሻግረን ነው።"

"በሄሊኮፕተር?"

"በዋሻው።" እንባዋን ጠረገች። "ሦስት ዓመት ሙሉ በመኪና በዋሻው ሲመላለስ ላንግ ኮ ግማሽ ሰዓት ናት ብሎ በቃ ቆጥሯታል። በሞተር ይሁን ሲሉት እሺ አለ፣ ጭንቅላቱ ግን እዚያው ዋሻ ውስጥ ቀርቷል።"

ሉዋን ከመሬት ተነስቶ ወረቀቱን በዘይት እጁ ያዘና አየ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። ሁሉም ሰው ሰዓቱን ያውቀዋል። ሰዓትንና ዓመትን በእንስሳት ስም እየጠራ መልካሙን የሚመርጠው ቀን ቆጣሪ ለዚህ ሠርግ የሰጠው የእባብ ሰዓት ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት። ሙሽሪት ከአያቶቿ መሠዊያ ፊት የምትነሣውም፣ የሙሽራውን ደጅ የምትረግጠውም በዚያ ውስጥ መሆን አለበት። ከአምስት በኋላ የፈረስ ሰዓት ይገባል፤ ኮይ ደግሞ በአይጥ ዓመት የተወለደ ነውና ፈረስ ጠላቱ ነው። ያ ሁሉ ሞተር ሐር የለበሱ ሴቶች ጭኖ ተራራውን በአንድ ሰዓት ከሩብ ካለፈ ጎበዝ ነው። አናት ላይ ለፎቶ አሥር ደቂቃ ተጨምሮ በአራት የወጣ ሰልፍ አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ይገባል። "ተያቸው" አለ ሉዋን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ባንግን እንደተቀየመ ያስታውቃል፤ ባንግ በመኪናው ሲያልፍ ሰላም ሳይለው ነው የሚያልፈው። "እኔ ብሆን ጭጭ ነበር የምለው። ራሱ ዐቅዶ ራሱ ይዋረድ! ደግሞስ ከሰልፉ አውጥተውሽ የለ?"

"አንተ ከየት ሰማህ?"

"ባንግ ሲናገር ያልሰማ ማን አለ?"

ቶአ ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጣማት። ባንግ በሙሉ ልብሱ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እያየው በክፉ ሰዓት የሙሽራውን ደጅ ሲያንኳኳ በዓይነ ልቦናዋ አየችው፤ ደስ አላት። አንድ ቃል አለመተንፈስ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ነገር ግን ደስታው ሩቅ አልሄደም። እሷ ራሷ ስትዳር በዝናብ ምክንያት ከተቆረጠው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ዘግይታ ነው የባሏ ቤት የገባችው። አማቷ ያቺን ሃያ ደቂቃ መቀነቷ ላይ ቋጥራ ኖረች። ሩዝ ቢያርር ሰዓቱ ነው፤ ቻም ኩፍኝ ቢይዛት ሰዓቱ ነው። ባሏ በአርባ አንድ ዓመቱ በሳንባ በሽታ ሲሞት አማቷ ገና መቃብሩ ሳይደፈን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "በክፉ ሰዓት የገባች ሴት ልጄን በላችብኝ" አለች። ቶአን በሰዓት ታምኛለሽ ወይ ቢሏት አላውቅም ነው የምትለው፤ በአማት ግን ታምናለች። ባንግ ቢዋረድ ውርደቱ ማታ ሲጠጣ ያልቅለታል። የዘገየች ሙሽራ የምትባለው ግን ቻም ናት፣ ዕድሜ ልኳን የምትሰማው እሷ ናት። ይህን ስታስብ ነገሩ አለቀ። ለሉዋን ከፈለችው፣ ቀዩን ወረቀት ለአንድም ጎረቤት ሳታድል ሞተሯን አስነስታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ቻም ለምሳ መጣች። ባንግና ንጋ ለሠርጉ ወንበር ሊከራዩ ወጥተው ስለነበር ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቶአ ቢጫውን ኑድል በሽሪምፕ ሠርታ፣ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ነስንሳ፣ ቅጠሉን ለብቻ አቀረበች። ቻም ወትሮ ገና ቁጭ ሳትል ስለ መድኃኒት ቤቱ ደንበኞች ታወራለች፤ ሳል ይዞት የእግር ቅባት ስለሚገዛው ሽማግሌ፣ ስለ አለቃዋ ጫማ። ዛሬ ቾፕስቲኳን ይዛ ሳህኑን ትነካካለች። ቶአ ኑድሏን ግማሽ አደረሰች።

"እማ" አለች ቻም፣ "አጎቴ አነጋግሮሽ ነበር?"

"ስለ ምን?"

"ስለ... ስለ ሰልፉ።"

"አላነጋገረኝም።"

ቻም አንገቷን ደፋች። "እኔን ትናንት ነግሮኛል።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"ምንም። ዝም አልኩ። አጎቴ ነው እማ፤ አባቴን ተክቶ የሚቆመው እሱ ነው። ምን ልበለው?"

"ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል" አለች ቶአ። የባንግ ጩኸት አናዷት ነበር፤ የልጇ ዝምታ ግን አመማት። ያሳደገቻት በዚያች ሞተር ነው፤ በፊት ከፊቷ የቤንዚን ታንከሩ ላይ አስቀምጣ፣ ቀጥሎ ከኋላ ወገቧን አቅፋ፣ ኋላም መሪውን ራሷ ይዛ። ተራራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየቻት በሰባት ዓመቷ ነበር። እንግዲህ ልጅቷ ይህን ሁሉ እያወቀች አንዲት ቃል ካልተነፈሰች ለማን ይከሰሳል? ሆድ ይፍጀው ብላ ሳህኖቹን አነሳች። ቻምም ተነስታ ልታጥብ ስትል "ተዪው፣ ጥፍርሽን ትናንት ነው ያሠራሽው" አለቻት፣ ቻምም ተወችው።

በዘጠኝ ሰዓት ኮይ ሴት አያቱን እማማ ቱክን ከኋላው ጭኖ ከተፍ አለ። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ በሞተር ተራራ አቋርጣ መጥታለች፣ "የሙሽራዬን መንገድ በዓይኔ ካላየሁ" ብላ። ከሞተሩ ስትወርድ ዳሌዋን ይዛ ጥቂት ተሳደበች፣ ከዚያ ጥርስ የሚያቀላውን ቅጠሏን ጠቅልላ ጉንጯ ውስጥ አስቀመጠችና ሳሎን ገብታ ትልቁን ወንበር ያዘች። የሙሽራው ወገን የመንገዱን ነገር ለሙሽሪት ወገን ትቶታል፤ የሰዓቱን ነገር ግን እማማ ቱክ ለማንም አትተውም። ባንግና ንጋም ከወንበር ኪራያቸው ተመልሰው ሽር ጉድ ይላሉ። ቶአ ሻይ ቀድታ እንዳበቃች ወንድሟን በዓይኗ ጠራችው።

"ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ጓሮ ና።"

"እንግዳ ቁጭ ብሎ?"

"እንግዳ ቁጭ ስላለ ነው።"

ጓሮ ከራሷ የዓሣ ጋኖች መሃል ቀዩን ወረቀት ዘረጋችለት። "ይቺ ሠላሳ ደቂቃ በምን የሚኬድባት ናት?"

"እንዴት በምን? ከዚህ ላንግ ኮ..." አለና ቆመ። ጆሮው ጫፍ ድረስ ቀላ።

"ዋሻው ሞተር አያስገባም ጋሼ።"

"አውቃለሁ! ለኔ ነው የምትነግሪኝ? ማተሚያ ቤቱ ነው የተሳሳተው።"

"ማተሚያ ቤቱ ተራራውን ዘለለው?"

ባንግ ወደ ቤቱ ገልመጥ አለ፤ ሰው እንዳይሰማ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ሹክ አለ። "ስንት ሰዓት ብንወጣ ነው የሚሻለን?"

"ልክ በሦስት ሰዓት። ከሦስት በፊት ከወጣን ሰዓቱ አልገባም፤ ከሦስት ሰዓት ከሩብ በኋላ ከወጣን ደግሞ አንድ ቦቴ መንገድ ቢዘጋብን ያበቃልናል። ልክ በሦስት ከተነሳን፣ የፎቶውን ጨምሮ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ደጃቸው ነን። ያውም የሚመራው ሰው ካወቀበት ነው።" ይህን ብላ ጠበቀችው። አንድ ቃል ነው የጠበቀችው፤ አንቺ ምሪን እንዲላት፣ ወይም ቢያንስ አብረሽን ሂጂ። በእንግዳ ፊት ልታዋርደው ስትችል ጓሮ ጠርታዋለች፣ ይህን አይረዳም ብላ አላሰበችም። ባንግ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ደግ አደረግሽ" አለና ፈጥኖ ገባ።

ተከትላው ስትገባ ሳሎን መሃል ቆሞ አፉን ሞልቶ ይናገራል። "እማማ፣ መውጫችንን ከአራት ወደ ሦስት አምጥቼዋለሁ። ብዙ አስቤበት ነው። ተራራ ነገር ነው፣ አይታወቅም።" ጉድ በል የናም ኦ ሰው! ቶአ በሩ ላይ ተደግፋ አየችው፤ ንጋ ጣሪያ ታያለች፣ ቻም ደግሞ እናቷን ታያለች። እማማ ቱክ ቅጠሏን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዘዋወረች።

"መልካም። ፊት የሚሄደው ማነው?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ጉም ቢወርድስ?"

"መብራት እናበራለን።" ባንግ ይህን ሲል ዓይኑ ሳያስበው ወደ ቶአ ሄደ። ቶአ ሻይ ትቀዳለች።

"መታጠፊያ ላይ ቦቴ ቢመጣብህስ?"

"ክላክስ..." አሁንም ወደ ቶአ አየ።

"አንተ ልጅ፣ የማነጋግረው አንተን ነው ወይስ እህትህን?" አለች አሮጊቷ። ኮይ ሳቁን በሻዩ ስኒ ሸፈነው። "ተራራውን በሞተር ያለፍከው መቼ ነው?"

"ቆየት ብሏል..."

"መቼ?"

"ዋሻው ሳይከፈት።"

እማማ ቱክ ምራቋን ይዛው በመጣችው ቆርቆሮ ውስጥ እንትፍ አለች። ያ ማለት ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። "ታዲያ ይቺ ሴት ምን ሆና ነው የማትመራው? ኮይ ሲነግረኝ ተራራውን እንደ ጓዳዋ ነው የምታውቀው።" ባንግ መልሱ ዝግጁ ነበር፤ እናት ልጇን ተከትላ እንደማትሄድ፣ ባል የሞተባት ሴት ሙሽራ ሰልፍ ውስጥ እንደማትገባ፣ ለራሷ ለቻም ሲባል መሆኑን በጨዋ ቋንቋ አስረዳ። ቶአ ከአሮጊቷ ፍርድ ጠብቃ ነበር። እማማ ቱክ ግን ጥቂት አኘከችና ራሷን ነቀነቀች። "እሱስ እውነት ነው። ደንብ ነው" አለች። ባንግ ተቀመጠ።

ያኔ ነው ቶአ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ያስቀመጠችው። "እማማ፣ እኔም አንድ ነገር ልናገር" አለች። "ከዚያ ተራራ ላይ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ጥዬ አላውቅም። ጉሙ ከየት እንደሚነሣ አውቃለሁ፣ ቦቴዎቹ በስንት ሰዓት እንደሚያልፉ አውቃለሁ። ልጄን በእባብ ሰዓት ደጅዎ አደርሳታለሁ። ጋሼ ከመራ አምስት ሰዓት ያልፋል። ይህን ተቀይሜ አይደለም የምለው። ተቀይሜያለሁ፣ ግን በዚያ ምክንያት አይደለም።"

ባንግ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አሮጊቷ ሰዓት ያልፋል የሚለውን ቃል ስትሰማ ማኘክ ማቆሟን አይቷል። ለጋስ የሆነ መሰለውና "እንዲህ እናድርግ" አለ። "ሂጂ። ግን ከኋላ፣ ከሰልፉ ራቅ ብለሽ፣ ማንም እንዳይቆጥርሽ። የሆነ ነገር ከተበላሸ በስልክ ትነግሪኛለሽ።" እማማ ቱክ አሰበችበት። "ከኋላ ከሆነ ግድ የለም" አለች። ንጋ እፎይ አለች። ከኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ በስልክ። ከመቅረት ይሻላል ወይስ ይብሳል፣ እሱን ነበር ቶአ የምታመዛዝነው። አሮጊቷ ግን ነገሩ ያለቀ መስሏት ወደ ቻም ዞራ ምክሯን ጀመረች።

"አንቺ ደግሞ ስሚኝ ልጄ። ከእናትሽ ደጅ ከወጣሽ ጀምሮ የኔን ደጅ እስክትረግጪ ድረስ አንገትሽን ወደ ኋላ እንዳታዞሪ። አንዴም! ወደ ኋላ ያየች ሙሽራ ልቧ እናቷ ቤት ይቀራል፣ ትዳር አይጸናላትም። ይህ ከሰዓቱም ይብሳል። ገባሽ?"

"ገብቶኛል እማማ" አለች ቻም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። ከዚያ ቀና አለች። "እንግዲያውስ እማ ከኋላ መሆን አትችልም።"

"ለምን?" አለ ባንግ።

"ወደ ኋላ አያለሁ ብዬ ነው አጎቴ። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ነው የምዞረው። ራሴን አውቀዋለሁ። ቤት ብትቀርም እዞራለሁ፣ ርቃ ብትከተለኝ ደግሞ ደረሰች አልደረሰች እያልኩ አንገቴ እስኪሰበር ነው የምዞረው።" ወደ እናቷ ጠቆመች። "ከፊቴ ካለች ግን ላንግ ኮ እስክንገባ አንዴም አልዞርም። ስለዚህ ደንቡ ይከበር ከተባለ እማ ፊት ትሁን። ሌላ መላ የለውም። ትናንት ይህን ልነግርህ ሲገባኝ ዝም አልኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ እማ።"

ደንብ ጠቅሶ የመጣውን ባንግን በራሱ ደንብ ይዛዋለች፤ ወደየትም ቢል አንዱን ደንብ ይሰብራል። እማማ ቱክ ልጅቷን ትክ ብላ ስታያት ቆየች። ከዚያ በቀይ ጥርሷ እስክትስል ድረስ ሳቀች፣ ኮይ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። "ኮይ!" አለች እየሳለች፣ "አንተ ተስፋህን ቁረጥ! ይቺ ቤቴን ልትገዛ ነው የምትመጣው።" ወደ ባንግም ዞረች። "አባወራ፣ ሰምተሃል። የባል ሞት የቆየ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ ማየት ግን ትዳር ያፈርሳል። እናትየዋ ፊት ትሁን።"

ባንግ ሻዩን አነሳ፣ ሻዩ ግን አልቆ ነበር። ቶአ ሄዳ ቀዳችለት። ዓይኗ የደስታ እንባ ሞልቷል፣ ይህን ማንም እንዳያይባት ጎንበስ ብላ ነው የቀዳችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ወረቀቷን ከማቀዝቀዣው በር ላይ ላጠችና ይዛው መጣች፣ ጠረጴዛው መሃል ዘረጋችው።

"እንግዲህ ስሙኝ" አለች። "ዳገቱን በሰዓት ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ነው የምወጣው፣ ቁልቁለቱን በሠላሳ። መታጠፊያ ላይ ሁለቴ ክላክስ ካደረግሁ ቦቴ አለ ማለት ነው፣ ሁላችሁም ቀኝ ያዙ። የፎቶው አሥር ደቂቃ አሥር ደቂቃ ነው፤ አሥራ አንደኛው ላይ ትቼ ነው የምሄደው። ማንም አይቀድመኝም። አንተም ጋሼ።"

"እሺ" አለ ባንግ።

"ጮክ በል፣ ሌላ ጊዜ ድምፅህ ግድግዳ ያልፋል።"

"እሺ አልኩ!" ንጋ ሳቋ አምልጧት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ቻም እናቷ አጠገብ መጥታ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። ባሕሩና ሐዲዱ አንድ ላይ የሚታዩበትን መታጠፊያ በጥፍሯ ነካችው። "እኔስ ጀርባሽን እያየሁ እሄዳለሁ" አለች ቀስ ብላ። "አንቺ ግን ፊት ሆነሽ እኔን በምን ታዪኛለሽ?"

"አንቺ ሞኝ" አለች ቶአ። "ሞተር መስታወት የተሠራለት ለምን መሰለሽ?"